የቆቦ ሕዝብ የሚኖረው በስንት ሄክታር ላይ ነው?

በየዓመቱ ዕቅድ ሲዘጋጅ ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጠረጴዛ የማይጠፋ አንድ ቁጥር አለ፤ የወረዳው የሕዝብ ብዛት። የጤና ኬላ፣ የመማሪያ ክፍል፣ የመጠጥ ውሃ ሽፋን፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ድርሻ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት ደግሞ የዕለት ደራሽ እርዳታ መጠን ከዚሁ ቁጥር ጋር እየተያያዘ ይወሰናል። ቁጥሩ ሲዛባ በላዩ የተሠራው ዕቅድም አብሮ ይዛባል። በራያ ቆቦ ቆላማ ቀበሌዎች ጉዳዩ የበለጠ የሚከብድበት ምክንያት አለ። እዚህ ሰው፣ የሚታረስ መሬትና ውሃ በእኩል አልተሠራጩም። እየተሠራበት ያለው መለኪያ ግን በእኩል እንደተሠራጩ አድርጎ ነው የሚያሰላው።

መነሻው በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። በዚያ ቆጠራ የቆቦ ወረዳ ከነከተሞቹ 221 ሺህ 958 ሕዝብ ነበረው። ከዚህ ውስጥ 33 ሺህ 142 የሚሆነው ከተማ ነዋሪ ነው። የወረዳው ስፋት 2 ሺህ 1 ነጥብ 57 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ተመዝግቧል። ሕዝቡ ለስፋቱ ሲካፈል በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 111 ሰው ገደማ ይደርሳል። የሰሜን ወሎ ዞን አማካይ በዚያው ቆጠራ 123 ነበር። ስለዚህ ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው፣ ቆቦ ከዞኑ አማካይ ያነሰ ሕዝብ የሰፈረባት፣ ገና ሰፊ ቦታ የቀራት ወረዳ ናት ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ድምዳሜው ግን ከመሬቱ ጋር አይገናኝም።

ስሌቱ ላይ ስህተት የለም። ችግሩ ያለው አካፋዩ ላይ ነው። በ2 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትሩ ውስጥ የቆቦ ሜዳ ብቻ አይደለም ያለው። በምዕራብ ወደ ግዳን የሚወጣው ገደላማ ተዳፋት፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ድንጋያማውና ቁጥቋጦ የወረሰው መሬት፣ ጎሊና እና ሆርማት ወንዞች በጎርፍ ጊዜ አሸዋና ኮረት የሚያለብሱት ዳርቻ ሁሉ ተቆጥሯል። በዞብልም ሆነ በተዳፋቱ ሰው ይኖራል፣ ያርሳልም። ነገር ግን አብዛኛው እርሻ፣ መንገዱ፣ ገበያውና ጉድጓዱ ያለው በሸለቆው ወለል ላይ ነው። ከቆቦ በሮቢትና በጎብዬ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚወርድ መንገደኛ በመስኮት የሚያየው ጥግግትና ሰንጠረዡ ላይ የሰፈረው 111 ለዚህ ነው የማይመሳሰሉት።

ግብፅ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። ስፋቷ አንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቧ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። በተራ ማካፈል በካሬ ኪሎ ሜትር ከ100 ሰው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከቆቦ ጋር የሚቀራረብ ማለት ነው። ሕዝቡ የሚኖረው ግን በአባይ ሸለቆና በደለሉ ምድር፣ ከአገሪቱ ስፋት 5 በመቶ ገደማ በሚሆን መሬት ላይ ነው። ከዚያ አንጻር ሲሰላ ቁጥሩ ወደ 2 ሺህ ይጠጋል። የግብፅን የምግብ ችግር በ100ው የሚለካ ባለሙያ የለም።

የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ለዚህ ብለው ጥግግትን ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይለካሉ። ሕዝቡን ለጠቅላላው ስፋት ማካፈል አንደኛው ነው። ሁለተኛው ሕዝቡን ለሚታረሰው መሬት ብቻ ያካፍላል። ሦስተኛው ከተሜውን አስቀርቶ፣ በእርሻ የሚተዳደረውን ሕዝብ ለሚታረሰው መሬት የሚያካፍለው ነው። ለግብርና ጽሕፈት ቤት የሚጠቅመው ሦስተኛው ሆኖ ሳለ በሪፖርቶች ላይ የሚደጋገመው የመጀመሪያው ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቆቦ ቁጥር እንሞክረው። በ1999 ዓ.ም. የገጠሩ ሕዝብ 188 ሺህ 816 ነበር። ትክክለኛው የሚታረስ መሬት ድርሻ ከመሬት ምዝገባው የሚወጣ ሲሆን እዚህ የምናስቀምጠው ለማሳያ ብቻ ነው። ከወረዳው ስፋት ግማሹ የሚታረስ ነው ብንል በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የእርሻ መሬት 189 የገጠር ነዋሪ ይደርሳል። ሲሶው ቢሆን 283፣ አንድ አራተኛው ብቻ ቢሆን ደግሞ 377። በቆጠራው የወረዳው አማካይ የቤተሰብ ቁጥር 4 ነጥብ 08 ነው። በመጨረሻው ግምት ለአንድ የገጠር ቤተሰብ የሚደርሰው ከአንድ ሄክታር እምብዛም አያልፍም፤ አራት ጥማድ መሆኑ ነው። ይህ በ1999 ዓ.ም. በነበረው ሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ጥግግት ብቻውን ረሃብንም ጥጋብንም አይናገርም። እንግሊዛዊው ማልተስ በ1798 እ.ኤ.አ. ሕዝብ ከምግብ ይቀድማል ብሎ ሲከራከር፣ ዴንማርካዊቷ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ኤስተር ቦስረፕ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ሥራ ነገሩን ገልብጣ አይታዋለች። በእሷ አባባል ሰው ሲበዛ ገበሬው መሬቱን ደጋግሞ ማረስ፣ ውሃ መጥለፍና አዲስ ዘዴ መፈለግ ይጀምራል። የራያ አርሶ አደር ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ሲያሳድር የኖረው ይህን ክርክር ሳይሰማ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ያስቆፈራቸው ጥልቅ ጉድጓዶችም የሸለቆውን ስሌት በከፊል ቀይረዋል። በክረምት ጤፍ ወይም ማሽላ፣ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርት አንድ ሄክታር በጥግግት ስሌት ውስጥ እንደ ሁለት ሄክታር ሊቆጠር ይገባዋል።

ሊቆጠር የሚገባው ግን ውሃው እስከሚወጣ ድረስ ነው። ፓምፕ ተበላሽቶ ወይም መብራት ተቋርጦ አንድ የመስኖ ወቅት ያለፈበት ማሳ በዚያ ዓመት ተመልሶ አንድ ሄክታር ይሆናል። የከርሰ ምድር ውሃም ማለቂያ የሌለው ሀብት አይደለም። ከዝናብና ከጎርፍ ወደ መሬት ከሚሰርገው በላይ ከተሳበ ጠለሉ ይወርዳል። ስለዚህ በራያ ቆላ የሕዝብ ጥግግት በሰንጠረዥ ላይ ሲቀመጥ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ያስፈልገዋል፤ በአንድ በሚሠራ ጉድጓድ ስንት ቤተሰብ ይጠቀማል የሚለው። "በሚሠራ" የሚለው ቃል መሰመር አለበት። የተቆፈረ ጉድጓድና የሚሠራ ጉድጓድ በሪፖርት ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ሆነው ይቀርባሉ።

የእህሉን ነገር ደግሞ እንይ። በእርዳታ አሠራር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ይታሰባል። በዓመት 180 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከሁለት ኩንታል ትንሽ ያነሰ። ከላይ ያየነውን የአንድ አራተኛ ግምት ይዘን የገጠሩ ሕዝብ በዓመት 1 ነጥብ 7 በመቶ አድጓል ብንል፣ በ2017 ዓ.ም. በአንድ ሄክታር የእርሻ መሬት ላይ 5 ሰው ይደርሳል። አምስት ሰው ለቀለብ ብቻ 9 ኩንታል ይፈልጋል። ዘሩ፣ ግብሩ፣ ለጨውና ለልብስ የሚሸጠው፣ ለተዝካርና ለሠርግ የሚወጣው ከዚህ ውጭ ነው። ዝናቡ ባማረበት ዓመት ይህ ከአንድ ሄክታር ማሽላ ላይ አይቸግርም። ዝናቡ ነሐሴ ላይ ከተቋረጠ ወይም ማሳውን አቀንጭራ ከወረሰው ግን ያው ሄክታር ግማሹንም ላይሰጥ ይችላል። በሚያዝያ የሚዘራው እንደ ደጋሌት ያለ ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ በብዙ ማሳ ለፈጥኖ ደራሽ ዝርያ ቦታ የለቀቀውም ከዚሁ የተነሳ ነው። አቀንጭራን ከሚቋቋሙት ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ የሚለውን የአካባቢውን ስም መያዙም በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም።

ሕዝቡ በምን ፍጥነት ያድጋል?

የጥግግት ጥያቄ አካፋዩ ላይ ከሆነ የዕድገት ጥያቄ ያለው ተካፋዩ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ይደነግጋል። አራተኛው ቆጠራ መካሄድ የነበረበት በ2010 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ዝግጅቱ ተጀምሮ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ የምንጠቀምበት የወረዳ ቁጥር ሁሉ የ1999ኙን ቆጠራ ይዞ በየዓመቱ አንድ መቶኛ እየጨመረ የመጣ ትንበያ ነው።

መቶኛው የትኛው ነው? ሦስት ምርጫ አለ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቆጠራ መካከል የአገሪቱ ሕዝብ በዓመት 2 ነጥብ 6 በመቶ፣ የአማራ ክልል 1 ነጥብ 7 በመቶ አድጓል ተብሎ ታውጇል። የሰሜን ወሎ ዞን ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. 1 ሚሊዮን 260 ሺህ 317 የነበረ ሲሆን በ1999 ዓ.ም. 1 ሚሊዮን 500 ሺህ 303 ሆኗል። ይህም 19 በመቶ ጭማሪ ነው። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ላለው 12 ዓመት ተኩል ሲከፋፈል በዓመት 1 ነጥብ 4 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሕዝብ በእጥፍ የሚያድግበትን ጊዜ ለማወቅ 70ን ለዕድገት ምጣኔው ማካፈል ይበቃል። በአገሪቱ ምጣኔ 27 ዓመት፣ በክልሉ 41 ዓመት፣ በዞኑ 50 ዓመት ይወስዳል።

አሁን እነዚህን በቆቦ ላይ እናድርግ። ከ1999 እስከ 2017 ዓ.ም. ባሉት 18 ዓመታት በዞኑ ምጣኔ ቢያድግ የወረዳው ሕዝብ ከነከተሞቹ 285 ሺህ ገደማ ይሆናል። በክልሉ ምጣኔ 301 ሺህ፣ በአገሪቱ ምጣኔ ደግሞ 352 ሺህ ይደርሳል። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት 67 ሺህ ሰው ነው። አንድ ጤና ኬላ ለ5 ሺህ ሰው ይበቃል በሚለው መመዘኛ 13 ጤና ኬላና 26 የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማለት ነው። 67 ሺህ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም ቢሰፈርለት ከ10 ሺህ ኩንታል በላይ ይፈልጋል። ይህን የሚያህል ሕዝብ መኖሩም ሆነ አለመኖሩ የሚወሰነው በአንድ የመቶኛ ምርጫ ነው። ምርጫውን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ሠንጠረዡን የሞላው ባለሙያ እንጂ በጉዳዩ ላይ የመከረ ጉባኤ አይደለም።

የ1999ኙ ውጤት ራሱ ያለ ክርክር አልተቀበለም። የክልሉ ሕዝብ 17 ነጥብ 2 ሚሊዮን ነው ሲባል፣ ይጠበቅ ከነበረው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያነሰ በመሆኑ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥያቄ አስነስቷል። ጥያቄው ዛሬም አልበረደም። ሆኖም ሙግቱ በክልልና በአገር ደረጃ ብቻ ሲቆይ የወረዳውን ነገር ይሸፍነዋል። አንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ለማወቅ የአገር አቀፉን ክርክር መቋጨት መጠበቅ አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት የነበረው ቆጠራም ለንጽጽር አይመችም። የመጀመሪያው ብሔራዊ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወሎ በልግ ቀርቶ ነበር። ቆጣሪዎቹ መዝገባቸውን ዘግተው ከሄዱ ከወራት በኋላ የኮረም መጠለያ በዓለም ሁሉ ታየ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሰፈራም ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ተወሰደ። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ሰው በዓመቱ በቦታው አልነበረም። በመካከሉ የአስተዳደር ወሰኖችም ተቀይረዋል። የ1976ቱንና የ1987ቱን የወረዳ ቁጥር አነጻጽሮ "በዚህን ያህል አደገ" ማለት ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን ማነጻጸር ነው። ዛሬም ራያ ቆቦ ወረዳና የቆቦ ከተማ አስተዳደር ለየብቻ ሪፖርት ያደርጋሉ። የ1999ኙን የቆቦ ወረዳ ቁጥር ሳይከፍል ለአሁኑ የገጠር ወረዳ የሚወስድ ባለሙያ ከተማውን ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል።

ዕድገቱን የሚወስነው ልደት፣ ሞት፣ መምጣትና መሄድ ነው። በልደት በኩል ትልቅ ለውጥ አለ። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በ1992 ዓ.ም. 5 ነጥብ 9 ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ 3 ነጥብ 7 ወርዷል። ይህ በአንድ ትውልድ ውስጥ የመጣ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሥራም በግልጽ ይታይበታል። ሆኖም ልደት ስለቀነሰ ሕዝቡ ወዲያው ማደጉን አያቆምም። ስድስት ልጅ ይወለድ በነበረበት ዘመን የተወለዱት ሴቶች አሁን እናቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከእናታቸው ያነሰ ቢወልዱም የእናቶቹ ቁጥር ራሱ በዝቷል። የመሬት ጥያቄውም የሚከተለው ይህንኑ ነው። ዛሬ መሬት የሚጠይቀው ዛሬ የተወለደው ሕፃን አይደለም፤ ከ20 ዓመት በፊት የተወለደው ነው። ስለዚህ የልደት መቀነስ እፎይታ መሬቱ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

መሄድና መምጣቱ ደግሞ በዚህ አካባቢ ከልደቱ የባሰ ስሌት ያዛባል። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው፣ በአፋርና በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚሄደው ወጣት የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ ነው? በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ቆቦና አካባቢው በተደጋጋሚ የውጊያ ቀጣና ሆነዋል። ሕዝቡም ወደ ወልድያ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ተሰዷል። አብዛኛው ተመልሷል፤ ያልተመለሰም አለ። በየዓመቱ 1 ነጥብ 7 በመቶ እየጨመረ የሚሄድ ሠንጠረዥ ይህን ሁሉ አያውቅም። በጦርነቱ ዓመትም ሕዝቡ እንደወትሮው አደገ ብሎ ነው የሚጽፈው።

አዲሱ ጎጆ ወጪ የት ተመዘገበ?

በ1999ኙ ቆጠራ ውስጥ ብዙም ያልተነገረለት አንድ ቁጥር አለ። በወረዳው 54 ሺህ 466 ቤተሰብ ሲቆጠር የተገኘው መኖሪያ ቤት 52 ሺህ 108 ነበር። ቤተሰቡ ከቤቱ በ2 ሺህ 358 ይበልጣል። ለዚህ ከአንድ በላይ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ግን ማንም የገጠር ሰው የሚያውቀው ነው። አግብቶ በአባቱ ግቢ የተቀመጠ፣ የራሱ ጎጆም የራሱ ጥማድም የሌለው ወጣት ማለት ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ የሚያውቀው አባቱን ነው። ልጁ የሚያርሰው ከአባቱ ላይ ተከፍሎለት ወይም ከሌላ ሰው በእኩል ይዞ ነው። ስለዚህ የይዞታ መዝገብን ብቻ ይዞ "አማካይ ይዞታ ይህን ያህል ነው" የሚል ሪፖርት፣ መሬት የሌለውን ከስሌቱ አውጥቶ ባለመሬቱን ብቻ ያማክላል። አማካዩም ከእውነቱ ይበልጥ ያማረ ይሆናል።

ወረዳው በእጁ ካሉት መዝገቦች ተነስቶ የተሻለ ቁጥር ማግኘት ይችላል። መዝገቦቹ በየጽሕፈት ቤቱ ተለያይተው ስለተቀመጡ ነው እንጂ ቁጥር ስለጠፋ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቤተሰብ ማህደር አላት፤ በእያንዳንዱ ቤት ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን እንደወለደ ታውቃለች። የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የማሳውን ስፋት ያውቃል። የሴፍቲኔት መዝገብ አለ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በየቀበሌው ተጀምሯል። ልደት ለልጁ ሲባል ይመዘገብ ይሆናል፤ ሞት ለማስመዝገብ ቀበሌ ድረስ የሚመጣ ግን ጥቂት ነው።

ሞትን የሚያውቀው ቅሬው ነው። በወሎ ገጠር ከቅሬ ውጭ የሚቀበር ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። ጎጆ የወጣውም ውሎ አድሮ ቅሬ ይገባል፤ ከአካባቢው የለቀቀውም ከቅሬው ይወጣል። የቅሬ መሪው ስም ዝርዝር ስለ ጎጡ ቤተሰቦች ብዛት ከማንኛውም ትንበያ የቀረበ መረጃ የያዘ ነው። ይህን ዝርዝር ከጤና ኬላው ማህደርና ከይዞታ መዝገቡ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ለአንድ ቀበሌ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። በሦስቱም ላይ ያለው ሰው ነዋሪ ነው። በቅሬውና በማህደሩ ላይ ኖሮ በይዞታው ላይ የሌለው መሬት አልባው ነው። በይዞታው ላይ ብቻ የሚገኘው ወይ ሞቷል፣ ወይ ሄዷል፣ ወይ ከተማ ተቀምጦ መሬቱን በእኩል ያሳርሳል።

ከሰማይ የሚነሳ ምስልም ይረዳል። በዓለም ላይ ቆጠራ የዘገየባቸው አገሮች የሳተላይት ምስል ላይ ጣሪያ ቆጥረው፣ ጣሪያውን በአማካይ የቤተሰብ ቁጥር በማባዛት ግምት ያወጣሉ። ለመላው ሸለቆ ፈጣን ዘዴ ነው። ነገር ግን ማድ ቤቱንም፣ ጎተራውንም፣ የከብት ቤቱንም እንደ መኖሪያ ቤት ሊቆጥር ይችላል፤ ጦርነቱ ባዶ ያስቀረውን ቤትም እንደዚያው። ስለዚህ በጥቂት ጎጦች ላይ እየዞሩ ማረም ይፈልጋል። ይህን ማድረግ የሚችለው አካባቢውን የሚያውቅ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው።

ውጤቱ በቀበሌ መቅረብ አለበት። ለወረዳው አንድ አማካይ መስጠት የዞብልን ቀበሌና ጉድጓድ ያለውን የሜዳ ቀበሌ አደባልቆ፣ ለሁለቱም የማይሆን ቁጥር ያወጣል። ለእያንዳንዱ ቀበሌ የሚያስፈልገው በአንድ ሄክታር የሚታረስ መሬት ስንት ሰው አለ፣ ከሄክታሩ ምን ያህሉ በመስኖ ሁለት ጊዜ ይመረታል፣ ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ የራሱ ይዞታ የሌለው ስንት ነው የሚለው ነው። የሥራ ዕድል ፈጠራውም፣ አዲስ ጉድጓድ የት ይቆፈር የሚለውም ከዚህ ሠንጠረዥ ላይ ቢነሳ ሙግቱ ይቀንሳል። ቁጥሩ ቀድሞ ከተለጠፈ፣ ጉድጓድ ለእኛ ቀበሌ ይገባል የሚል አርሶ አደርም የሚከራከርበት ነገር ያገኛል።

የሚቆጠርበት ወርም መታሰብ አለበት። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወጣቱ ለአረምና ለአጨዳ ይወርዳል፤ በታህሣሥ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነው። ጥር ይሻላል። ምርቱ ገብቷል፣ የሠርግ ወር በመሆኑም ራቅ ያለው ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። ግን በየቤቱ የሚጠየቀው "ዛሬ ማን አለ?" ከሆነ ቁጥሩ ይበላሻል። መጠየቅ ያለበት "ባለፉት ስድስት ወራት እዚህ ቤት የኖረው ማን ነው? የሄደውስ የት ሄደ፣ ከመቼ ጀምሮ?" ተብሎ ነው። ይህን ያላካተተ ቅጽ በጥር ወር ቢሞላ፣ ከወልድያ ለሠርግ የመጣውን አጎት የቀበሌው ነዋሪ ያደርገዋል። ሳዑዲ ሆኖ ለአባቱ ዘር መግዣ የሚልከው ልጅ ደግሞ በየትኛውም ዓምድ ሳይገባ ይቀራል።